የአሲድ ገንዳው ሽማግሌዎች

የማወራችሁ ነገር የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አምስት ላይ ነው፤ እኔ ያኔ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። አሁን ነገሩን የቀሰቀሰብኝ አቼቶ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ አስካለ፣ ማንቆርቆሪያው ውስጡ ነጭ ቅርፊት አወጣ ብላ አቼቶ አፈላችበት። ሽታው ከኩሽና ተነሥቶ ሳሎን ድረስ መጣና አፍንጫዬን ቆነጠጠው። ሌላ ሰው ቢሆን ያስነጥሰዋል፤ እኔን ሳቅ ያዘኝ። "ምን ታይቶህ ነው አንተ ሰውዬ?" አለችኝ። "ሾፑ ትዝ አለኝ" አልኳት። "ደግሞ ያን መርዝ ናፈቅሁ በለኛ!" አለችና መስኮቱን ከፈተችው። እኔ መርዙን አልናፈቅሁም። ሰዎቹን ነው።

ሾፑ፣ ብረት የምንለብጥበት ቤት፣ ኒው ሆፕ የምትባል ከተማ ነበር፣ ዊኔትካ ጎዳና ላይ፣ ከጎማ ቤቱ ጀርባ። ዛሬ ሄዳችሁ ብትፈልጉት አታገኙትም፤ ልጆች የሚዘሉበት ቤት አድርገውታል፣ ያ እያነጠረ ወደ ላይ የሚወረውር ሸራ ያለበት። የልጅ ልጄን ይዤ ሄጄ አይቻለሁ። የአሲድ ገንዳው በነበረበት ቦታ ላይ ልጁ ወደ ጣሪያው እየተወረወረ ይስቃል። ያኔ እዚያ ቦታ ሳቅ አልነበረም ብል ግን ውሸት ነው፤ እኛም እንስቅ ነበር። ሥራችን እንዲህ ነው፦ የቧንቧ አፍ፣ የበር እጀታ፣ የመኪና ዕቃ፣ ብረት የሆነ ሁሉ ይመጣል። በመንጠቆ እንሰቅለዋለን፣ አሲድ ውስጥ ነክረን ዝገቱን እናስለቅቀዋለን፣ በውኃ አጥበን ደግሞ ኒኬሉ ገንዳ ውስጥ እንከተዋለን፤ መስታወት መስሎ ይወጣል። ከአሲዱ የሚነሣው ጭስ ግን ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይዘጋል። ኪሴ ውስጥ የረሳሁት ሳንቲም አረንጓዴ ይሆን ነበር። ግድግዳው ላይ የሰቀልነው ቴፕ ዝጎ ካሴቱን እየጎተተ ስለሚያጫውት፣ ስመ ጥሩ ዘፋኝ ሁሉ እዚያ ቤት ሲገባ ጉንፋን እንደያዘው ነበር የሚዘፍነው። ከመልመዳችን የተነሣ ያው ዘፈን ሠርግ ቤት በደህና ድምፁ ሲመጣ "ይኼን ደግሞ ማን አበላሸው?" እንባባል ነበር።

ዘመኑ ደስ ይል ነበር። አገር ቤት ምርጫ ሊሆን ነው ወይ ሆኗል፣ ብቻ ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ የማይጮህ ሰው አልነበረም። ማን ምን እንዳለ ረስቼዋለሁ። ቤንዚን ስንት እንደነበረ ግን ጠይቁኝ፦ ሁለት ዶላር ሲገባ ዓለም ጠፋች ብለን ነበር። የስልክ ካርድ አምስት ዶላር ነው፤ ላዩ ላይ ብዙ ሰዓት ያስወራል ተብሎ ተጽፎበታል፣ እናንተ የሰፈሩን ሰው ደኅንነት ጠይቃችሁ ሳትጨርሱ ያቺ ሴትዮ በእንግሊዝኛ መጥታ ትቆርጣችኋለች። የኔ ኮሮላ የሾፌሩ በር ስለማይከፈት በተሳፋሪው በር ገብቼ፣ ማርሹን ተሻግሬ ነበር ድራይቭ የማደርገው። ሐጂ ጀማል ደግሞ አለ፤ ሐጂ የባሌ ሰው ነው፣ ጅዳ ብዙ ዓመት ሠርቶ የመጣ፣ ገንዳው ላይ ከጎኔ የሚቆም። ሮቢንስዴል ካለ አሮጌ ልብስ ቤት እሳት የመሰለ ብርቱካናማ ጃኬት ገዛ። የአጋዘን አዳኞች ልብስ መሆኑን ማንም አልነገረውም። ክረምት ሲመጣ ቤንዚን ሊቀዳ በቆመበት ፈረንጁ ሁሉ "ዘንድሮስ ገደልክ?" ይለዋል። ሐጂ ደንግጦ "ወላሂ እኔ ማንንም አልገደልኩም!" ይላል።

ጭሱን የምንቋቋመው በወተት ነበር። አገር ቤት ባትሪ ቤት ወይ ቀለም ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ መርዝ የሸተተው ሰው ወተት ይጠጣል፣ ወተት ይቆርጠዋል። ጧት ጧት በተራ አንድ ጋሎን ገዝተን እንመጣና ገንዳው አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ እናስቀምጠዋለን። ረቡዕና ዓርብ እኔ ስለምጾም የኔን ድርሻ ሐጂ ይጠጣልኛል፤ ረመዳን ሲገባ ደግሞ እኔ የሱን እጠጣለታለሁ። "ወርቁ፣ ለኔም ጠጣልኝ፤ ሳንባዬን አደራ" ይለኛል። ጭንብል አልነበረም ወይ ትሉ ይሆናል። ነበረ። የሾፑ ባለቤት ጄሪ ገዝቶ በካርቶን አስቀምጦልናል። ግን አፍ ታፍኖ እንዴት ይሠራል? ወሬው የት ይሄዳል? አንድ ቀን አጥልቄው ሐጂን ብጠራው፣ ማሽን ያጓራ መስሎት ዞሮም አላየኝ። ከዚያ ወዲያ ወደ ካርቶኑ መለስኩት።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ ጧት፣ በረዶው ገና መጣል ሲጀምር፣ የመንግሥት ሰው መጣ ተባለ። ሳይነግሩ ነው የሚመጡት፤ አደገኛ ሥራ ያለበትን ቤት ስቴቱ ድንገት ገብቶ ያያል፣ ሕጉ እንደዚያ ነው። እኛ ደግሞ የመንግሥት ሰው ሲባል የምናውቀውን እናውቃለን። አንዱ መጥረጊያ አነሣ፣ አንዱ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከተተ። ክፍሌ፣ ማሸጊያው ጋ የሚሠራው ረጅሙ ሰውዬ፣ በዓመት ሁለት ቃል የማይወጣው፣ ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። የገባችው ግን ነጭ ሄልሜት ያደረገች አጭር ሴት ናት፣ ሊሳ የምትባል። ጫማዋ ከኔ ጫማ ይከብዳል። የምንተነፍሰውን አየር ልትለካ ደረታችን ላይ ትንንሽ መሣሪያ አንጠለጠለችልን። ከዚያ ራሷ ገንዳው ዳር ሄዳ ቆመች። ቆየች፣ ዓይኗ አለቀሰ። ሐጂ አላስቻለውም። ንጹሕ ብርጭቆ ፈልጎ፣ ወተት ሞልቶ፣ በሁለት እጁ ይዞላት ሄደ። "ጠጪ ልጄ፣ ይቆርጥልሻል" አላት በአማርኛ። ብርጭቆውን አየችው፣ ገንዳውን አየችው፣ ሐጂን አየችው። አልጠጣችም። ጻፈች።

ቀጥላ ከቦርሳዋ ነጭ ጭስ የሚያወጣ ትንሽ ቱቦ አወጣች። ከገንዳው ጀርባ ያለው ትልቁ ፋን ጭስ መሳብ አለበት። ቱቦውን ስትጫነው ጭሱ ወደ ፋኑ መሄድ ሲገባው፣ ቀስ ብሎ ዞሮ እሷው ፊት ላይ መጣ። እኛ ፋኑ ስለሚጮህ የሚሠራ ነበር የሚመስለን። ጄሪን ጠራችው። ሲነጋገሩ የጄሪ አንገት እየቀላ ሄደ። በመጨረሻ ቀይ ወረቀት አወጣችና ገንዳው ላይ አሰረችው፤ ፋኑ እስኪሠራ ድረስ እዚህ ገንዳ ላይ ማንም እንዳይሠራ። ክፍሌ የዚያን ዓመት ቃሉን ያኔ ነው የተናገረው። "ቀይ ካርድ" አለ።

ጄሪ ክፉ ሰው አልነበረም። ሾፑ የአባቱ ነው፤ አባቱ ሲሞት ተረከበው እንጂ ወዶ የገባበት አይመስለኝም። ሰበሰበንና "ገንዳው ካልተከፈተ ሾፕ የለም" አለን። "ፋን መቀየር ማለት ጣሪያ መቅደድ ማለት ነው። ደክሞኛል። ምናልባት እዘጋዋለሁ። ወደ ቤታችሁ ሂዱ፣ ኮል አደርጋለሁ።" ኮል አደርጋለሁ ያለ ሰው ኮል እንደማያደርግ ደግሞ እናውቃለን። በዚያ ዕድሜዬ፣ በዚያ እንግሊዝኛዬ ሌላ ሥራ ማን ይሰጠኛል? ቢሰጠኝስ ሐጂን የት አገኘዋለሁ? ሰው እንደ እህል ተበትኖ ዳግመኛ አይለቀምም።

ከሰዓት ክሪስታል ከተማ፣ ሐጂ ቤት ተሰበሰብን። ልጄ ሜሮንም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ልትወስደኝ መጥታ ተቀምጣለች፤ በዓመቱ ኮሌጅ የምትገባ ነች። ነገሩን አገላብጠን ስናየው ቀላል ሆኖ ታየን።

"ጄሪና ሴትዮዋ ተጣልተዋል" አልኩ።

"ተጣልተዋል" አለ ሐጂ።

"ሰው ሲጣላ ምን ይደረጋል?"

"ሽማግሌ ይላካል።"

"ዳዲ፣ ኖ!" አለች ሜሮን ከሶፋው ተነሥታ። "አልተጣሉም እኮ! ኢትስ ዘ ሎው!"

"ሕጉንም የያዘው ሰው ነው" አልኳት። "ሰው ደግሞ ይለመናል።"

"ይስቁባችኋል።"

"ይሳቁ። አንቺ ብቻ ድራይቭ አድርጊና አስተርጉሚ።"

ሽማግሌ ሁለት ሆኖ አይሄድምና ክፍሌን ጨመርነው፤ ባይናገርም ቁመቱ ግርማ አለው። ሜሮን እያጉረመረመች ለሊሳ ደውላ ለሐሙስ ቀጠሮ ያዘችልን። እኔ የሠርግ ሱፌን ለበስኩ። ክፍሌ ክራቫት አሰረ። ሐጂ ነጭ ኮፍያውን አድርጎ፣ ነጭ ሻሹን ጣል አድርጎ፣ ከዚያ ሁሉ በላይ ያን የአዳኝ ጃኬት ደረበበት። "ብርድ ነው፣ ምን ላድርግ?" አለ። አራታችን በተሳፋሪው በር ተራ በተራ ገብተን ሴንት ፖል፣ ሊሳ ቢሮ ሄድን።

ቢሮው ሞቅ ያለ ነው። ሊሳ ያለ ሄልሜቷ ልጅ መሰለችኝ። ወንበር አስመጣችልንና ተቀመጡ አለች። አገራችን ደግሞ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ሦስታችንም ተሰልፈን ቆምን።

"ተቀመጡ እያለች ነው፣ ዳዲ!"

"አንቀመጥም በያት። እሺ እስክትለን ነው።"

ሜሮን ይህን እንዴት አድርጋ ትንገራት? አሳጠረችውና "መቆም ይሻላቸዋል" አለቻት። ሊሳ ፊቷ ተለወጠ። ከላይ እስከ ታች አየችንና እስክሪብቶዋን አነሣች።

"ወገባችሁን አሟችኋል ወይ ትላለች" አለች ሜሮን። "ሦስታችሁም ሥራ ላይ ነው ወይ የተጎዳችሁት ትላለች።"

"ኧረ እኔ ጉልበቴን ነው" አለ ሐጂ።

ጻፈች።

"ሐጂ፣ ዝም በል! ልመናውን ልታበላሽ ነው!" አልኩት።

"ጠየቀችኛ! እውነቱን ነው የነገርኳት።"

ሌላስ አለች። ሐጂ የጀመረውን ማን ያቆመዋል? የጧት ሳሉን ነገራት፣ አስሎም አሳያት። እኔም እሱን ሳይ ደረጃ ስወጣ ደረቴ እንደሚያፏጭ ተናገርኩ። ክፍሌ ቃል ሳይወጣው እጅጌውን ሰብስቦ አሲድ የነካውን ክንዱን ዘረጋላት። ለጄሪ ምሕረት ልንለምን የሄድን ሰዎች የራሳችንን ሕመም ዘርግፈን አረፍነው። በኋላ ነው ትዝ ያለኝና ጉሮሮዬን የጠረግሁት።

"በያት፣ ጄሪ ያጠፋውን አጥፍቷል። እኛ የሱ ሠራተኞች ነን፣ በዕድሜም አባቶች የምንሆናት ነን። ለኛ ስትል ይቅር ትበለውና ቀይ ካርዱን ታንሣለት።"

ሜሮን ጆሮዋ እስኪቀላ ድረስ አስተረጎመች። ሊሳ አልሳቀችም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና እሷም ተነሥታ ቆመች። ከጄሪ ጋር ጠብ የለኝም አለች። ጠቤ ከፋኑ ጋር ነው፤ ፋኑ ጭሱን የሳበ ቀን ራሴ መጥቼ ወረቀቱን እፈታዋለሁ፤ እስከዚያ ግን የስቴቱ ገዥ ራሱ ቢለምነኝ አልፈታውም አለች። ስላወራችሁኝም ማንም ከሥራ ሊያባርራችሁ አይችልም፣ ይህም ሕግ ነው አለች። በር ድረስ ስትሸኘን ደግሞ ወደ ሐጂ ዞራ፣ ወተቱ ለአጥንት ጥሩ ነው፣ ወደ ሳንባ ግን አይሄድም አለችው።

ሐጂ ሊፍቱ ውስጥ ቆሞ "ያ ሁሉ ጋሎን!" አለ። "ያ ሁሉ ጋሎን፣ ወርቁ!"

እኔ መኪናው ውስጥ ስንገባም የማስበው ሌላ ነበር። "የተሳሳተ ቤት ነው የሄድነው" አልኩ። "እሷ ምን አደረገች? እሺ ማለት ያለበት ጄሪ ነው። ሜሮን፣ ወደ ኒው ሆፕ ንጂው።" ልጄ መሪው ላይ ግንባሯን አስደግፋ ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ ነዳችው።

ጄሪ ብቻውን ጠባቧ ቢሮው ውስጥ ነበር፣ ግድግዳው ላይ አንድ የደረቀ ትልቅ ዓሣ ተሰቅሎ። በሱፍና በክራቫት ሲያየን ሰው የሞተ መሰለው። ተቀመጡ አለ። ቆምን። ምን ፈለጋችሁ አለ። "ፋኑን" አልኩት እኔው በእንግሊዝኛዬ። "ዘ ፋን፣ ጄሪ።" እንደማይችል ተናገረ። እኛም ቆምን። ስልክ ደወለለት፣ አወራ፣ ዘጋ፤ ቆመናል። ሳንድዊቹን አውጥቶ ግማሹን በላ፤ ቆመናል። ሽንት ቤት ሄዶ ብዙ ቆይቶ መጣ፤ ሄደዋል ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ቆመናል። ሐጂ አንዱን እግር ከአንዱ እየለወጠ "ወርቁ፣ ይኼ ሰው ክርስቲያን አይደለም እንዴ?" ይለኛል በሹክሹክታ።

"እስከ መቼ ነው የምትቆሙት?" አለ ጄሪ።

ሜሮን ያኔ ሳልነግራት ራሷ መለሰችለት። እኛ አገር ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ እነዚህን ደግሞ እኔ አውቃቸዋለሁ፣ እዚሁ ያድራሉ አለችው። ይህን በራሷ አፍ ስትናገር ቁመቴ ጨመረ።

 ጄሪ ከወንበሩ ተነሣ። ከጠረጴዛው ሥር ያን የጭንብል ካርቶን ጎትቶ አወጣና ከፊታችን አኖረው፤ አቧራው ተነሣ። "ይኼን ከገዛሁት ስንት ጊዜው ነው? አንድ ሰው አድርጎታል? ፋኑን ባስገባ ነገም ወተት ልትጠጡ አይደለም?" አለ። ለሐጂ እንደ ንብ አርቢ ራስ ላይ የሚጠለቅ፣ ንጹሕ አየር የሚነፋለት ዓይነት አለ፣ አዝዤ አመጣለታለሁ፤ እሱ ጢሙ የሃይማኖቱ ነው አለ። ከዚያ ጣቱን ወደኔ አዞረ። ጢሜ ያኔ ደረቴ ይደርሳል፤ በስደት ሱዳን ከገባሁ ጀምሮ ምላጭ አላየም። "አንተ ግን ትላጫለህ። ጭንብሉ ጢም ላይ አይጣበቅም። አንተ ከተላጨህ ሌላው ሁሉ ያደርገዋል። አንተ እሺ በል፣ እኔም እሺ እላለሁ።" ወንበሩን በእግሩ ወደ ኋላ ገፋው። "እኔም አልቀመጥም" አለ።

አራት ወንድ ተፋጠን ቆምን። ሜሮን ፊቷን ወደ ዓሣው አዙራ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። እኔ ደግሞ በሽምግልና የመጣሁት በዚያ ጢም ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የፊቱ ወንበር የሚለቀቅልኝ በዚያ ጢም ነው። የማይሆነውን ሁሉ አልኩ፤ ብርድ ነው አልኩ፣ ቆዳዬ ይቆጣል አልኩ። ጄሪ ንቅንቅ የለም። ሰውዬው ከኔ የባሰ ግትር ነው፤ ያን ቀን ነው የወደድኩት።

"እሺ በል፣ ወርቁ" አለ ሐጂ። "በአላህ ይዤሃለሁ። ጉልበቴ ሊቆረጥ ነው።"

"እሺ" አልኩ።

"እሺ" አለ ጄሪ።

አንድ ላይ ነው የተቀመጥነው። ወንበሩ ስላልበቃ ክፍሌ ካርቶኑ ላይ ተቀመጠ። ጄሪ የቀረችውን ሳንድዊች ለአራት ሊከፍላት ሞከረ፤ ሐሙስ አይደለ፣ በላሁ።

ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እሺ ማለት ቀላል ነው፤ ሰውዬው ሲያድር፣ ጣሪያው ትዝ ሲለው፣ ድካሙ ሲመለስ ቃሉን ቢበላስ? ያኔ ወረቀቱ እዚያው እንደታሰረ ይቀራል፣ እኛም በየቤታችን። ስለዚህ በማግሥቱ ጧት፣ ሥራ እንደሌለ እያወቅሁ፣ ማለዳ ተነሥቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁ፣ ጢሜን መጀመሪያ በአስካለ የልብስ መቀስ ከዚያም በምላጭ ሙልጭ አድርጌ ላጨሁት። አስካለ በሩን ከፍታ አየችኝና "በስማም! ይኼ ጎረምሳ ከየት ገባ?" ብላ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች።  በተሳፋሪው በር ገብቼ፣ የበረዶው ነፋስ አገጬን እንደ አሲድ እያቃጠለኝ ኒው ሆፕ ሄድኩ፣ ጄሪ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ደረስኩበት፣ ጠረጴዛው ላይ ተደግፌ ራቁቱን አገጬን አፍንጫው ሥር አመጣሁለትና፣ ስልኩን አንሥቶ ጣሪያ የሚቀድደውን ሰውዬ ኮል እስኪያደርግ ድረስ ከዚያ ንቅንቅ አላልኩም።